በቤት ስለሚቀጠር የንባብ መምህር፤ አመራረጡ፣ የትምህርቱ ተራና ዋጋው

በኢትዮጵያ ደጋ አገር ልጅን ፊደል ማስቆጠር ለብዙ መቶ ዓመታት የወላጅና የመምህር የግል ስምምነት ሆኖ ኖሯል። ልጁ እንዲማርለት የሚፈልግ አባት ወይ ልጁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይልካል፤ ወይም አቅም ካለው መምህሩን ወደ ቤቱ ያመጣል። በደጀ ሰላምና በዛፍ ጥላ ሥር ስለሚደረገው ትምህርት ብዙ ተጽፏል፤ ከተጻፈውም ውስጥ አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ያዘጋጁት፣ መንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመው መጽሐፍ የታወቀ ነው። መምህርን ለአንድ ቤት መቅጠር ግን የዚሁ ትምህርት ቅርንጫፍ ሆኖ ሳለ ለብቻው እምብዛም አልተነገረለትም።

ነገሩ ሲመረመር አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ፊደሉ በገበታ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ገበታውንም አንድ ጊዜ ያገኘ ቤተ ሰብ ለልጅ ልጁ ሊያቆየው ይችላል። እንግዲያስ ወላጅ እህሉንና ልብሱን እየሰጠ መምህር የሚቀጥረው ምን ሊያገኝ ነው? መልሱ በፊደሉ ጠባይና በንባብ ትምህርት ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። ወላጅ የሚቀጥረው በገበታው ላይ ያልተጻፈውን የሚያውቅ አንደበትና የልጁን ስሕተት ለይቶ የሚሰማ ጆሮ ነው።

ስለ ፊደሉ ጠባይ

የግእዝ ፊደል በቁጥር 26 ሲሆን እያንዳንዱ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ሰባት መልክ ስላለው 182 ይሆናል። አማርኛ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ የሚባሉትን ሰባት ፊደላት ስለ ጨመረ ዋናው ፊደል 33፣ ከነእርባታው 231 ነው። ዲቃላ የሚባሉት የቈ፣ የኈ፣ የኰ እና የጐ ወገኖችም አምስት አምስት ሆነው 20 ይጨምራሉ። ይህ ሁሉ ለሕፃን ብዙ ቢመስልም የፊደሉ ሥርዓት የቀና ስለ ሆነ ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ምልክት ድምፁን ከነአናባቢው ይዟልና ልጁ ሁለት ሦስት ፊደል አጋጥሞ አንድ ድምፅ ለማውጣት አይቸገርም።

ችግሩ የሚመጣው በሦስት ስፍራ ነው። አንደኛው ሳድስ ነው። ሳድስ ፊደል አንዳንድ ጊዜ ድምፅ ይኖረዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ያለ ድምፅ ይዘጋል። ልብስ በሚለው ቃል ሦስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ ነገር ግን ል ብቻ ድምፅ ሲኖረው ብ እና ስ ይዘጋሉ። ሦስቱንም እኩል እየጠራ የሚያነብ ልጅ ቃሉን አያገኘውም። ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። አለ የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ መናገርን፣ ጠብቆ ሲነበብ መኖርን ያመለክታል። ገና ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደትን በዓል ይናገራል። ጽሕፈቱ ግን በሁለቱም ላይ አንድ ነው። ሦስተኛው በድምፅ አንድ ሆነው በመልክ የሚለያዩት ፊደላት ናቸው። ለነዚህ መምህራን ከጥንት ጀምሮ መለያ ስም አውጥተውላቸዋል፤ ይኸውም ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኀኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እየተባለ ነው። ስሙ ፊደሉ የሚገኝበትን አንድ የታወቀ ቃል ስለሚያስታውስ ልጁ በጆሮው ሊለየው ያልቻለውን በዐይኑ ይለየዋል።

የፊደሉን መልክ ገበታው ያሳያል፤ ሳድስ የሚዘጋበትንና ቃል የሚጠብቅበትን ግን ያነበበ ሰው ካልነገረ በቀር ልጁ ብቻውን ከገበታው ሊያገኘው አይችልም። በዚህ በኩል የቁርኣን ትምህርት ቤት ሥርዓት ለማነጻጸር ይጠቅማል። በወሎና በሐረር የሙስሊም ልጆች በሉሕ፣ ማለት በእንጨት ሰሌዳ ላይ በተጻፈ ጽሕፈት ሲማሩ በመጀመሪያ የፊደሉን ስም ይጠራሉ፤ ቀጥሎ ፈትሓ፣ ከስራና ደማ የሚባሉትን የድምፅ ምልክቶች እየጨመሩ ያነባሉ። በዐረብኛው ጽሕፈት ለመጥበቅ ሸዳ የሚባል ምልክት አለ። በግእዙ ፊደል የሸዳን ሥራ የሚሠራው የመምህሩ አንደበት ነው።

መምህሩን ስለ መፈለግ

ለንባብ የሚቀጠረው ሰው ብዙ ጊዜ ካህን፣ ዲያቆን ወይም ደብተራ ነበር። አንዳንድ ጊዜም ንባቡን ጨርሶ ወደ ዜማ ወይም ወደ ቅኔ ቤት የሚሄድ ተማሪ በመንገዱ ላይ ለጥቂት ወራት ይያዝ ነበር። ይህን ሰው ፍለጋ የሚጀመረው ከነፍስ አባት ወይም ከደብሩ አለቃ ዘንድ ነው፤ የአገሩን ካህናት ንባብና ጠባይ ከእነርሱ ይልቅ የሚያውቅ የለምና።

የመምህሩን ንባብ ለመመርመርም የተለየ ፈተና አያስፈልግም ነበር። በቅዳሴ ጊዜ መልእክቱንና ወንጌሉን ሲያነብ ሕዝቡ ይሰማዋል፤ ሊቃውንቱም ቃል አላልቶ ወይም አጥብቆ ቢስት በዚያው ያርሙታል። ልጁን የሚያስተምርለት ሰው የሚፈልግ አባት ራሱ ማንበብ ባይችል እንኳ በቤተ ክርስቲያን የሚታረመውንና የማይታረመውን አንባቢ ለይቶ ያውቃል። ስለዚህ ምንም ጽሑፍ በእጁ ባይዝ መምህሩ ምስክር አያጣም።

ሆኖም የተማረ ሁሉ ሕፃን ለማስተማር የተመቸ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት መዓርግ ንባብ የመጀመሪያውና ዝቅተኛው ደረጃ ነው፤ ክብር የሚሰጠው ለዜማ፣ ለቅኔና ለመጻሕፍት መምህር ነው። ከፍ ያለ ዕውቀት ያለው ሊቅ ቀኑን ሙሉ ሀሁ ሲባል እየሰማ መቀመጥ ይሰለቸዋል። ለዚህ ሥራ ይልቅ የሚስማማው ትዕግሥት ያለው፣ ድምፁ የጠራ፣ በቁጣው ልጁን ከትምህርቱ የማያስኮበልል ሰው ነው። በየንባብ ቤቱ አለንጋ የተለመደ ስለ ነበረ ጥቂት ልጆች ፊደልን ከጅራፍ ጋር አስተባብረው አስበው ሳይጨርሱ ቀርተዋል። መምህሩን ወደ ቤት ማምጣት የሚችሉ ወላጆችም ይህን ነገር በዐይናቸው መቈጣጠር ይችሉ ነበር።

ስለ ትምህርቱ ተራ

ትምህርቱ የሚጀመረው ልጁ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ሲሆነው ነው። መምህሩን የኔታ ብሎ ይጠራዋል፤ ትርጓሜውም የኔ ጌታ ማለት ነው። ልጁ በስንደዶ ወይም በቀጭን እንጨት ፊደሉን እየነካ ከሀ እስከ ፐ ይቆጥራል። መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎም ከላይ ወደ ታች፣ ኋላም ከታች ወደ ላይ ያስቆጥሩታል። ይህ የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ ተራውን እንደ ዜማ ይዞ በቃሉ ሊወጣው ይችላል፤ ጣቱ ሌላ ፊደል ላይ ሳለ አፉ ሌላውን ይጠራል። ሩቅ ሆኖ ለሚሰማ የተማረ ይመስለዋል። አጠገቡ ተቀምጦ ጣቱን የሚያይ መምህር ግን አይታለልም።

ለዚሁ ለቃል ሽምደዳ የተዘጋጀው መድኀኒት አቡጊዳ ነው። አቡጊዳ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ብሎ ሲጀምር ፊደሉንም እርባታውንም በአንድነት ይለውጣል፤ የፊተኛው በግእዝ፣ ሁለተኛው በካዕብ፣ ሦስተኛው በሣልስ እየሆነ ስለሚሄድ ሀሁን በቃሉ የያዘ ልጅ ልማዱ አያድነውም። እያንዳንዱን ፊደል በራሱ መልክ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። አቡጊዳን የጨረሰ ልጅ ሐዋርያ ወደሚባለው ይሻገራል፤ ይህም የዮሐንስ የመጀመሪያው መልእክት መነሻ ነው።

በሐዋርያ ላይ ንባብ በአራት ደረጃ ይካሄዳል። የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ልጁ የቃሉን ፊደላት አንድ በአንድ ይጠራል። ሁለተኛው የግእዝ ንባብ ነው፤ ፊደላቱን በዝግታ እያስረዘመ በዜማ ያያይዛቸዋል። ሦስተኛው ውርድ ንባብ ሲሆን ቃሉ ተሰብስቦ በዜማ ይወርዳል። አራተኛው ቁም ንባብ ነው፤ በዚህ ዜማው ቀርቶ ንባቡ እንደ ንግግር ፈጥኖ ይሄዳል፤ የሚጠብቀው ይጠብቃል፤ የሚላላው ይላላል፤ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉት የድምፅ አነሣሥና አጣጣል ይጠበቃሉ። እንዲህ ልጁ ከተነጠለ ድምፅ ተነሥቶ በየደረጃው ወደ ሙሉ ቃል ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የዮሐንስን ወንጌል፣ በመጨረሻም መዝሙረ ዳዊትን ያነባል። ዳዊት የደገመ ልጅ ንባብ እንደ ጨረሰ ይቈጠራል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ልጁ የሚያነበው ቋንቋ ግእዝ መሆኑ ነው። ግእዝ የማንም ሕፃን የአፍ መፍቻ ስላልሆነ ልጁ የቃሉን መጀመሪያ አይቶ የቀረውን በግምት ሊሞላው አይችልም፤ ፊደሉን ሁሉ በድምፁ አንብቦ መድረስ ይኖርበታል። በዚህም ምክንያት ግእዝን በሚገባ ያነበበ ልጅ አማርኛውን ሌላ መምህር ሳይሻ ያነብ ነበር። ጉዳቱም ከዚሁ ከጥቅሙ ጋር የተያያዘ ነው። ልጁ ያነበበውን አያስተውልም፤ ትርጓሜው የሚመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያውም ትምህርቱን ለቀጠሉት ጥቂቶች ብቻ ነው። ጽሕፈትም በንባብ ቤት እምብዛም አይሰጥም ነበር፤ የጸሐፊ ሙያ ተደርጎ ለብቻው የሚለመድ ነበርና። ስለዚህ ዳዊት ደግሞ ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው ማግኘት አያስደንቅም ነበር።

ስለ መምህሩ ዋጋ

የቤት መምህር ዋጋ በገንዘብ ብቻ የሚታሰብ አልነበረም። ምግቡና መኝታው ከቤቱ ይሆናል፤ ልብስ ይሰጠዋል፤ እንደ አገሩ ልማድም እህል ወይም ብር ይጨመርለታል። ልጁ ዳዊት የደገመ ዕለት ወላጆች እንደ አቅማቸው ድግስ ደግሰው መምህሩን ይሸልማሉ። እንዲህ ያለው አከፋፈል ጥበብ ያለበት ነው። መምህሩ ከሁሉ የሚበልጠውን ክብር የሚያገኘው ትምህርቱ ሲፈጸም ስለ ሆነ ልጁን በመንገድ ጥሎት ለመሄድ አይቸኩልም፤ ወላጅም የድካሙን ፍሬ በጎረቤትና በዘመድ ፊት ልጁ ሲያነብ በጆሮው ይሰማል።

በመምህርና በልጅ መካከል የሚቀረው ዝምድናም ከክፍያው ጋር አያልቅም። የተማረው ልጅ የመምህሩ የቀለም ልጅ፣ መምህሩም የቀለም አባቱ ይባላል። በቤተ ሰቡ ዘንድ ግን የመምህሩ ስፍራ የሚያስቸግር ነው። በትምህርቱ ከጌታው ይበልጣል፤ በኑሮው ግን የጌታው ጥገኛ ነው። ልጁ የኔታ እያለ ይነሣለታል፤ የልጁ አባት ግን ያዝዘዋል። ይህን አስቸጋሪ ስፍራ ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ነው። በዚያ ልብ ወለድ ከድኃ ቤት የተወለደው በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይያዛል። ከትምህርቱ የተነሣው ፍቅር የሚወድቀው በትውልድ ደረጃ ልዩነት ላይ ነው። ታሪኩ የፈጠራ ቢሆንም መምህሩ በመኳንንት ቤት የነበረው ስፍራ ከአገሩ ልማድ የተቀዳ ነው።

ስለ ሴቶች ልጆች

ሰብለ ወንጌል በቤቷ መማሯ በአጋጣሚ የተጻፈ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚሰበሰቡት ከሞላ ጎደል ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ የትምህርቱ ፍጻሜ ክህነትና የደብር አገልግሎት ስለ ሆነ ሴት ልጅን ወደዚያ መላክ አልተለመደም። እንግዲህ ለሴት ልጅ የንባብ በር የሚከፈተው መምህሩ ወደ ቤቷ ሲመጣ ብቻ ነበር። ይህም የባለጠጋና የመኳንንት ቤት ዕድል ነው። እቴጌ ጣይቱ ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ በመሆናቸው በዘመናቸው ሲደነቁ ኖረዋል፤ አድናቆቱ ራሱ የዚህን ነገር ብርቅነት ይመሰክራል። በየገጠሩ ከነበሩት ሴቶች ልጆች መካከል ወንድማቸው ሲማር በሰሙት ብቻ ፊደል የለዩ ቢኖሩ መምህሩ ለእነርሱ አልተቀጠረም።

ስለዚህ የቤት መምህር ልማድ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያልገቡትን ሴቶች ልጆች ወደ መጽሐፍ አድርሷል። በሌላ በኩል ንባብ ሀብት ላለው የሚሰጥ፣ ለሌለው የሚነፈግ ነገር ሆኖ እንዲቆይ ረድቷል።

ከዘመናዊ ትምህርት ቤት በኋላ

በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1925 የተፈሪ መኰንን፣ በ1931 ደግሞ ለሴቶች ልጆች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተከተሉ። ከዚያ በፊትና በዚያው ዘመን መኳንንቱ ለልጆቻቸው የአገሩን ንባብ ካስጨረሱ በኋላ የውጭ ቋንቋ አስተማሪ ወደ ቤት ያመጡ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ እንደ ገለጹት አባታቸው ልዑል ራስ መኰንን በሐረር ፈረንሳይኛ እንዲያስተምሯቸው መጀመሪያ የጓድሉፑን ተወላጅ ሐኪም ዶክተር ቪታሊየንን፣ ቀጥሎም አባ ሳሙኤልን ይዘውላቸዋል። አባ ሳሙኤል እ.ኤ.አ. በ1915 በሐረማያ ሐይቅ በደረሰው የጀልባ አደጋ ሞቱ።

የማተሚያ ሥራ ሲስፋፋ ገበታው ራሱ ረከሰ። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ያሳተሙት የፊደል ገበታ ሀሁን፣ አቡጊዳንና ሐዋርያን በአንድ ወረቀት ላይ ይዞ በከተማና በገጠር ተሠራጨ። ቀድሞ በብራና በእጅ ይጻፍ የነበረው አሁን በጥቂት ሳንቲም ይገዛ ጀመር። አባት፣ እናት፣ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ፊደል ከቆጠሩ ለታናሹ መምህር መሆን ቻሉ። የቤት መምህርነት ከመኳንንት አዳራሽ ወጥቶ ወደ ድኃው ጎጆ የገባው በዚህ መንገድ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ይህንኑ ነገር በአገር ስፋት አካሄደው።

ነገር ግን የትምህርት ቤት መብዛት ብቻውን ንባብን አላረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ብዙዎቹ የተሰጣቸውን ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታወቀ። ከዚህም በኋላ በሰባት ቋንቋዎች የመጀመሪያ ክፍሎች መጻሕፍት የፊደልንና የድምፅን ግንኙነት አስቀድመው እንዲያስተምሩ ሆነው እንደ ገና ተዘጋጁ። ልጆች በአንድ ክፍል በብዛት ተቀምጠው ሰሌዳውን እያዩ በአንድ ድምፅ ሲጮኹ ማን እንዳነበበና ማን እንዳስተጋባ መለየት ያስቸግራል። የድሮው የኔታ የልጁን ጣት እያየ፣ ከታች ወደ ላይ እያስቆጠረ ይከላከለው የነበረው ይህንኑ ነገር ነበር።

ዛሬ በአዲስ አበባ ለልጁ አስጠኚ የሚፈልግ ወላጅ በአዲስ ስም የጥንቱን ሥራ ይሠራል። በዋሽንግተንና በሌሎች የውጭ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ካነበቡ በኋላ ሀሁ የሚያስቆጥርላቸው ሰው ይሻሉ። በዚያ የሚያድግ ልጅ ደግሞ አማርኛው ራሱ እንደ ግእዝ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ቃሉን በቤት ካልሰማው የሚጠብቀውንና የሚላላውን ከምልክት አያገኘውም። ስለዚህ ለእርሱ የመምህሩ አንደበት ከአገር ቤት ልጅ ይልቅ ያስፈልገዋል።

ጥንታውያኑ ወላጆች መምህር ሲመርጡ ይከተሉት የነበረው መመዘኛ በእነዚህ ሁሉ ላይ ይሠራል። መምህሩ ራሱ ሲያነብ ይሰማል፤ ልጁን ለብቻው ያስነብባል፤ የተራውን ልማድ አፍርሶ ፊደሉን በየስፍራው ይጠይቃል፤ የጠበቀውንና የላላውን በአንደበቱ ያሳያል። ከድሮው ሥርዓት ሊቀር የሚገባው አለንጋው፣ ያለ ማስተዋል ማነብነቡና ሴት ልጅን ከደጅ ማስቀረቱ ነው። አንድ ለአንድ ተቀምጦ መስማቱ ግን ምንም መጽሐፍና ምንም ገበታ ሊተካው ያልቻለ የንባብ ሁሉ መሠረት ሆኖ ይኖራል።